ከጎንደር ወጥቶ ፒስታ ለሚጋልብ ሰው፦ የሳይክል አመራረጥ

ብዙ ሰው ሳይክል ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው፣ ቀጥሎ "ስንት ማርሽ ነው?" ይላል፣ ሻጩም ይሄን ስለሚያውቅ 21 ማርሽ ነው፣ ዲስክ ፍሬን ነው፣ ሞርዛተር አለው እያለ ይደረድርላችኋል። እዚሁ ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ማራኪ ለመመላለስ ከሆነ በቃ ውሰዱት፣ ምንም አይደል። ግን እቃ ጭናችሁ ሁለት ሦስት ቀን ጎርጎራ ወይ ደባርቅ ወይ ሰሜን ተራሮች ድረስ ልትሄዱበት ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ይሄ ሳይክል ዳባት ላይ ቢበላሽብኝ ማን ይሠራልኛል? እኔ ከታች ያለውን ሁሉ የምመዝነው በዚች ጥያቄ ነው፣ ጎሚስታና ብየዳ ቤት ሊያድነው የማይችል ሳይክል የፈለገ ቢያምር ለኛ አካባቢ አይሆንም ባይ ነኝ። ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት በወሩ ውሸት ይሆናል።

1. መጀመሪያ መንገዱን ምረጡ፣ ሳይክሉ ይደርሳል

ጎንደር ወደ 2100 ሜትር ላይ ነው ያለችው፣ ከሷ በየትም ውጡ በየት ወይ ትወርዳላችሁ ወይ ትወጣላችሁ፣ ሜዳ የሚባል ነገር ያለው ደንቢያ ነው። በአዘዞ አድርጋችሁ በቆላ ድባ ወደ ጎርጎራ ከሄዳችሁ 60 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ጣና 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሲሄዱ ደስ ይላል፣ ሲመለሱ ነው ጉዱ የሚታየው። እዛ ያለው ዋና ችግር ግን ዳገት ሳይሆን አፈሩ ነው፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ካላችሁ ዋልካ ነው፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና እጅ ያደነዝዛል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ሳይክሉን ያቆመዋል።

ወደ ሰሜን ስትወጡ ወለቃን እንዳለፋችሁ ዳገቱ ይጀምራል፣ ኮሶዬ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት እያለ ደባርቅ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ደባርቅ 2850 ሜትር ገደማ ነች። እስከዛ አስፋልት ነው። ከደባርቅ ወደ ፓርኩ ስትገቡ ነው ፒስታው የሚመጣው፣ ሳንቃ በር 3250፣ ጨነቅ 3600 ምናምን ሜትር፣ ከጨነቅ በላይ መንገዱ የቧሂትን ትከሻ ወደ 4200 ሜትር ላይ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። 3600 ሜትር ላይ የምትስቡት አየር ባህር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ነው፣ ጎንደር ያደገ ሰው እንኳ ያለከልካል፣ ስለዚ ከተማ ውስጥ "ይበቃኛል" ያላችሁት ማርሽ እዛ አይበቃችሁም። ፓርኩ ለመግባት ደባርቅ ቢሮ ላይ መክፈልና ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) መያዝ ግድ ነው፣ ስካውቱ ደግሞ በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ሳይክል ይዛችሁ ስትመጡ እንዴት እንደሚሆን እዛው ቢሮ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሌላው በአይከል አድርጎ ወደ መተማ የሚወርደው ነው፣ ቆላ ነው፣ ሙቀት ነው፣ እሾህ ነው። ከካይሮ ተነስተው ኬፕታውን የሚሄዱ ፈረንጆች የሱዳኑ ጦርነት በ2023 (በነሱ አቆጣጠር) ሳይጀምር በፊት በዛ በኩል ነበር ወደኛ የሚወጡት። የየትኛውንም መንገድ ሰላም ግን በሄዳችሁበት ሳምንት ጠይቁ፣ መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮች ከማንም በላይ ያውቁታል።

አሁን ከነዚህ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትሄዱበትን አንዱን ያዙ። "ለሁሉም የሚሆን" እያላችሁ አትግዙ፣ እኔ ከዚህ በኋላ የማወራው ባብዛኛው ለደባርቅና ለፓርኩ መንገድ ነው፣ እሱን የቻለ ሌላውንም ይችላል።

2. ጎማ፦ ቁጥሩን አንብቡ

የጎማው ጎን ላይ ቁጥር አለ፣ 26 በ2.10 ምናምን ይላል። የመጀመሪያው የቸርኬው መጠን ነው፣ ሁለተኛው የጎማው ስፋት። አሁን ዓለም ላይ የሚሠራው አዲስ የተራራ ሳይክል ባብዛኛው 29 ወይ 27.5 ነው፣ እውነት ለመናገር 29 ድንጋይና ጉድጓድ ላይ ይቀላል፣ ትልቅ ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ አይሰምጥም። ግን እኛ ጋ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ የምታገኙት ጎማ የቱ ነው? ሄዳችሁ እዩ። ሳይክሉን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ከሰዓት መድቡና የሳይክል እቃ የሚሸጡትን ሱቆች ዙሩ፣ "የ29 ጎማ አለ? የውስጡስ?" በሉ፣ መልሱን ራሳችሁ ስሙ። በኔ ግምት 26 ይበልጣል፣ ስለዚ ብዙ ለሚዞርና ብዙ ብር ለሌለው ሰው 26 ነው የምለው። 29 የምትወስዱ ከሆነ አንድ ትርፍ የውጭ ጎማና ሦስት የውስጥ አብራችሁ ግዙ፣ እዚህ ይገኛል ብላችሁ አትተማመኑ።

እዚጋ አንድ የምትሸወዱበት ነገር አለ፣ የድሮዎቹ ትልልቅ ሳይክሎች ላይ ያለው 28 እና የአሁኑ 29 ስማቸው ቢቀራረብም አንዱ ካንዱ አይገባም። ጎማው ላይ ከኢንቹ አጠገብ በሚሊሜትር የተጻፈ አለ፣ 559 ካለ የተለመደው የተራራ 26 ነው፣ 584 ካለ 27.5፣ 622 ካለ 29፣ 635 ካለ የድሮው ትልቁ ነው። ሁሌም በሚሊሜትሩ ግዙ፣ ኢንቹ ያታልላል።

ስፋቱ ከ2.0 እስከ 2.3 ባለው መሀል ይሁን። ከዛ የቀጠነ ፒስታ ላይ እጃችሁን ይገድለዋል፣ ከዛ የሰፋው ደግሞ እስከ ደባርቅ ያለውን 100 ኪሎ ሜትር አስፋልት ያስረዝምባችኋል። ጥርሱ መሀል ላይ ደቀቅ ያለና የተጠጋጋ፣ ዳርና ዳር ላይ ጎላ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዛ ጎማውና ፍሬሙ መሀል፣ ጎማውና ፎርኩ መሀል ጣታችሁን አስገቡ፣ ጣት ካልገባ ዋልካ ሲይዘው ጎማው አይዞርም ማለት ነው። ፓራፋንጎ ካለው በክረምት ፍቱት፣ ጭቃውን የሚያከማቸው እሱ ነው።

አሁን የቫልቩ ነገር፣ ማንም የማያየው ግን ትልቁ ነገር። ባብዛኛው ሁለት አይነት ነው የሚያጋጥማችሁ፣ አንዱ እንደ መኪናና እንደ ባጃጅ ወፍራም ነው፣ ሌላው ቀጭን ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ የምትፈታ ነገር አለችው። ወፍራሙን ውሰዱ። ለምን፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ፓምፓችሁ ቢሰበር ማንም ጎሚስታ ይነፋላችኋል፣ ቀጭኑን ግን መቀየሪያ ጫፍ ካልያዛችሁ ጎሚስታው ዐይቶት ይስቃል። ቀጭን ቫልቭ ያለው ሳይክል በጣም ከወደዳችሁት ደግሞ ቸርኬውን ቀዳዳ ማስፋት ይቻላል፣ ግን ጠባብ ቸርኬ ላይ እንዳታደርጉት ይሳሳል፣ መቀየሪያዋን ሁለት ገዝቶ አንዱን ቫልቩ ላይ አስሮ መተው ይሻላል።

ጎሚስታ ጋ ስታስነፉ ደግሞ ቆማችሁ አስነፉ። የሱ ኮምፕረሰር ለአይሱዙ ጎማ የተሠራ ነው፣ የሳይክል ጎማ ውስጡ ትንሽ ስለሆነ በሦስት ሰከንድ ሊፈነዳ ይችላል፣ "ቀስ፣ ትንሽ ትንሽ እያልክ" በሉት፣ በየመሀሉ በአውራ ጣታችሁ ጫን እያላችሁ እዩት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እቃ ጭኖ በ2.1 ጎማ ከ35 እስከ 45 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃዋል፣ ፒስታ ስትገቡ ትንሽ ቀንሱለት፣ የኋላው ጭነት ስላለበት ከፊቱ ትንሽ ይብለጥ።

የውስጥ ጎማ የሌለው፣ ፈሳሽ ተጨምሮበት ራሱ የሚደፍነው አለ አይደል፣ እሱ ለእሾህ አሪፍ ነው አልዋሽም። ግን ፈሳሹ በየጥቂት ወሩ ይደርቃል፣ እዚህ ደግሞ እንደልብ የሚገኝ ነገር አይደለም፣ ድንጋይ ጎኑን ቢቀደው ዞሮ ዞሮ የውስጥ ጎማ ነው የምታስገቡት። እኔ ማስቲሽና መለጠፊያ ይዤ እሄዳለሁ።

3. ማርሽ፦ ብዛቱን ተዉት፣ አካፍሉ

21 ማርሽ፣ 24 ማርሽ፣ 27 ማርሽ፣ ይሄ ቁጥር ለዳገት ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ አንድ ሂሳብ ነው። ፔዳሉ ጋ ካሉት ባለጥርስ ክቦች የትንሹን ጥርሶች ቁጠሩ፣ ኋላ ካሉት ደግሞ የትልቁን ቁጠሩ፣ የፊቱን ለኋላው አካፍሉ። አንዳንዴ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተጽፏል፣ ካልሆነ አንዱን ጥርስ በኖራ ምልክት አድርጋችሁ ቁጠሩ፣ ባለሱቁ "ምን እያደረጋችሁ ነው" ቢላችሁ አትፈሩ።

ብዙ ርካሽ ሳይክል ላይ የፊቱ ትንሹ 28፣ የኋላው ትልቁም 28 ነው፣ 1 ይመጣል። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል ማለት ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ ብትረግጡ በ26 ጎማ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ትሄዳላችሁ፣ ትንሽ ይመስላል አይደል፣ ግን 15 ኪሎ ጭናችሁ ከሳንቃ በር በላይ ባለው ዳገት ላይ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚያስኬድ ሳንባ ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ከዛ በታች ስትሄዱ ደግሞ እግራችሁ እየቀዘቀዘ ጉልበታችሁ ላይ ትቆማላችሁ። 22 ለ34 ከሆነ ግን 0.65 ይመጣል፣ በዛው 60 ርግጫ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር አትሞሉም፣ ያ የእግረኛ ፍጥነት ነው፣ ግን ተቀምጣችሁ ትሄዳላችሁ፣ ጉልበታችሁም አይጮህም። ስለዚ የኔ ቁርጥ፦ ለደባርቅ አስፋልት 0.85 ይበቃል፣ ፓርኩ ውስጥ ለመግባት 0.7 ወይ ከዛ በታች ካልሆነ አትግዙ፣ ወይ ደግሞ ልትገፉት ተዘጋጁ።

29 ጎማ ከሆነ ያው ማርሽ ይከብዳል፣ ጎማው ትልቅ ስለሆነ፣ በግምት አንድ ዘጠነኛ ጨምሩበት። ፊት አንድ ክብ ብቻ ኖሮት ኋላ እስከ 51 ጥርስ የሚደርሰው አዲሱ አይነት በሂሳቡ ጥሩ ነው፣ 32 ለ51 0.63 ነው፣ ለ29 ስታስተካክሉት 0.7 ይሆናል። ችግሩ ሰንሰለቱ ቀጭንና ውድ ነው፣ የኋላው ጥርስ ቢያልቅ ከአዲስ አበባ ነው የምታስመጡት፣ ያውም ከተገኘ። የ7 እና የ8 ማርሽ ሰንሰለት ግን አንድ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ወፍራም ስለሆነም ጭቃ ይችላል።

የወደዳችሁት ሳይክል 0.86 ከሆነ ቶሎ አትተዉት። ፊቱ 24 ሆኖ ኋላው 28 ከሆነ፣ የኋላውን ብቻ ትልቁ 34 በሆነ መቀየር ይቻላል፣ 0.71 ይመጣላችኋል፣ ማርሽ ቀያሪው 34 የሚችል መሆኑን ብቻ አስቀድማችሁ አስሞክሩ፣ ካልቻለ ሰንሰለቱ ይወጠርና ማርሹ ይሰበራል።

ሌላ አንድ ነገር፣ የኋላው ጥርስ ሞዞው (የጎማው መሀል እምብርት) ላይ ሁለት አይነት አገባብ አለው። አንደኛው ሙሉው ሞዞው ላይ እንደ ዳዶ የሚጠብቅ ነው፣ ባለ 7 እና ከዛ በታች የሆኑት ባብዛኛው እንደዛ ናቸው፣ ሁለተኛው ጥርሶቹ ብቻ ተንሸራትተው የሚገቡበት ነው፣ ከ8 ጀምሮ ያለው ባብዛኛው እንደዛ ነው። የመጀመሪያው ላይ የቀኙ ኩሽኔታ ከጫፉ ርቆ ወደ ውስጥ ስለሚቀመጥ አክሱ ጭነትና ጉድጓድ ሲበዛበት ይታጠፋል፣ ይሰበራልም። ለመለየት ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩና ከጎን መሀሉን እዩት፣ መፍቻ የሚገባበት ቀለበት ከጥርሶቹ ጋር ከዞረ ሁለተኛው ነው፣ ጥርሶቹ እየዞሩ እሱ ከቆመ የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያውን ይዞ መሄድ ይቻላል፣ ብዙ ሰው ይሄዳል፣ ግን ከባድ ሰው ከሆናችሁ ወይ ብዙ የምትጭኑ ከሆነ ሁለተኛውን ፈልጉ።

4. ፍሬሙ

ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። የተበላሸ ስፒከር ውስጥ ያለችው ትበቃለች። ፍሬሙ ላይ ስታስጠጉት ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው (ካርቦንም አይዝም ግን እሱን እንተወው)። ሻጩ "አሉሚኒየም ነው ቀላል ነው" ሲል እንደ ጥቅም ነው የሚነግራችሁ፣ እውነትም ይቀላል፣ ዝገትም አይነካውም። ግን አሉሚኒየም ቢሰነጠቅ መንገድ ላይ ያለው ተራ ብየዳ አይሠራውም፣ ሌላ ማሽንና ሌላ እጅ ይፈልጋል፣ ብረት ግን የትም ትንሽ ከተማ በር የሚሠራ ሰው ይበይደዋል፣ ጌጥ አይሆንም እንጂ ቤታችሁ ያደርሳችኋል። አሉሚኒየም አትግዙ እያልኩ አይደለም፣ ለሁለት ቀን ጉዞ ምንም አይል፣ ለሳምንት ግን ልቤ ብረቱ ጋ ነው። ብረትም ሁለት አይነት አለው፣ በጣም የሚከብደው ተራው ብረትና ክሮሞሊ የሚባለው፣ ክሮሞሊ ከሆነ ቧንቧው ላይ ተለጥፎ ይጻፋል፣ እሱን ካገኛችሁ ሌላው ነገር ትንሽ ቢጎድል እንኳ ያዙት።

ከዛ ኋላ ጎማው አክስ አጠገብና ከመቀመጫው በታች የብሎን ቀዳዳ እዩ። ፖርቶመጋላ የሚታሰረው እዛ ነው። ቀዳዳ ከሌለው በማሰሪያ ቀለበት ይታሰራል ግን ፒስታ ላይ ይንሸራተታል። ፎርኩም ላይ ቀዳዳ ካለው ጥሩ፣ ውሃ ትሰቅሉበታላችሁ።

መሀሉ ላይ ትልቅ ስፕሪንግ ያለው፣ ኋላውም የሚነጥረው ሳይክል፣ ልጆች የሚያብዱለት፣ እሱን በፍጹም። ርካሹ ላይ ያለው ስፕሪንግ ዳገት ላይ የረገጣችሁትን ግማሹን እሱ ይበላዋል፣ ይከብዳል፣ ፖርቶመጋላም አይታሰርበትም፣ መገጣጠሚያው ሲላላ ደግሞ ኋላው እንደ ሰከረ ሰው ይሄዳል። የፊት ሞርዛተርስ? ጥሩው እጅ ያሳርፋል፣ ርካሹ ግን ሁለት ኪሎ ተኩል ምናምን የሚመዝን ስፕሪንግ ነው። ለመለየት የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ሁለት እጃችሁን መሪው ላይ ጫኑና ልቀቁት፣ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፣ "ጧ" ብሎ ከዘለለ ስፕሪንግ ብቻ ነው ያለው፣ ከሱ ይልቅ ድርቅ ያለ ብረት ፎርክና ወፈር ያለ ጎማ ይሻላችኋል። ሞርዛተር ይኑረው ካላችሁ ደግሞ መቆለፊያ ያለው ይሁን፣ ለአስፋልቱ ዳገት ትቆልፉታላችሁ።

5. ፍሬን፦ ሊማሊሞን አስቡ

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ ጥምዝምዝ ጣሊያን በ1930ዎቹ (በነሱ አቆጣጠር) የቀደደው ነው፣ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ አንድ ጎን ገደል ነው። እቃ ጭኖ እዛ የወረደ ሰው ፍሬን ምን እንደሆነ ያውቃል። ሦስት አይነት አለ፦ ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዘው፣ በሽቦ የሚሠራው ዲስክ፣ በዘይት የሚሠራው ዲስክ።

የዘይቱ ኃይሉ ወደር የለውም፣ በአንድ ጣት ይቆማል። ግን ዘይቱ ቢፈስ ዘይቱን ማግኘት አንድ ጣጣ፣ አየሩን ማውጣት ሌላ ጣጣ፣ ደግሞ የመኪና ፍሬን ዘይት ሁሉም ላይ አይሆንም፣ ሺማኖ ለምሳሌ ማዕድን ዘይት ነው የሚጠቀመው፣ የመኪናውን ብታስገቡበት ላስቲኩን ያበላሸዋል። በላስቲክ የሚይዘው በጣም ቀላል ነው፣ ማንም ይሠራዋል፣ ላስቲኩም ይገኛል፣ ግን ጭቃ ላይ ይከዳል፣ ጭቃው ከአሸዋ ጋር ቸርኬውን ይፍቀዋል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይም ቸርኬው ይግላል። ለኔ መሀለኛው፣ በሽቦ የሚሠራ ዲስክ፣ ለዚህ አካባቢ ይመቻል፣ ሽቦው ያው የተለመደው የፍሬን ሽቦ ነው፣ ጭቃ አይነካውም። ብቻ ትርፍ የፍሬን ሸራ ከሳይክሉ ጋር ግዙ፣ ቅርጹ በየአይነቱ ስለሚለያይ አሮጌውን ሸራ አውጥታችሁ ይዛችሁ ሄዳችሁ አመሳስሉ።

የትኛውንም ብትወስዱ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ይዛችሁ አትንፏቀቁ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ያዙ፣ ልቀቁ፣ እንዲቀዘቅዝ። በየመሀሉም ቁሙ፣ ዕይታውም ለዛ ያደርሳል።

6. ቁመት

አጭር ነው ይሄ። ሳይክሉን በሁለት እግራችሁ መሀል አድርጋችሁ ጫማችሁን አድርጋችሁ ቁሙ፣ ከላይኛው ቧንቧና ከናንተ መሀል ቢያንስ አምስት ሳንቲም ክፍተት ይኑር፣ ድንጋይ ላይ በድንገት ስትወርዱ ታመሰግኑኛላችሁ። ከዛ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች ያለው ፔዳል ላይ አድርጉ፣ እግር ቀጥ ማለት አለበት፣ ቀጥ እንዲል መቀመጫውን ከምልክቱ በላይ ማውጣት ካስፈለገ ሳይክሉ ያንሳችኋል። ቁመታችሁ 1.70 አካባቢ ከሆነ 16 ወይ 17 የሚል ፍሬም ነው የሚሆናችሁ፣ ግን ቁጥሩ በየፋብሪካው ስለሚለያይ ሰውነታችሁን እመኑ። ሴቶች "የሴት ሳይክል" ተብሎ ቧንቧው የወረደውን ብቻ እንዲያዩ ይነገራቸዋል፣ ልኩ እስከሆነ ድረስ የቱም ይሆናል፣ ወደ ታች የታጠፈው ግን ውሃና ቦርሳ መስቀያ ቦታ ያጠፋል።

7. ያገለገለ ከሆነ፦ ሱቁ በር ላይ የምታደርጉት

ያገለገለ ጥሩ ሳይክል ከአዲስ ርካሽ ሳይክል ይሻላል፣ ይሄን በሙሉ አፌ እናገራለሁ። ግን ደላላ ካለበት ጆሯችሁን ዝጉና ዐይናችሁን ክፈቱ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

መጀመሪያ ወረቀት። ደረሰኝ ካለ ጥሩ፣ ከሌለም ሻጩን የሚያውቅ ሰው ይኑር፣ ከፔዳሉ ስር ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሱ። የተሰረቀ ገዝታችሁ ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ ከሳይክሉ በላይ ያስወጣል።

ከዛ በጨርቅ ጠርጉት፣ መሪው ቧንቧ ከፍሬሙ የሚገናኝበትንና ከፔዳሉ በላይ ያለውን በስልክ መብራት እዩ፣ ቀለሙ የተሸበሸበ ወይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ያለ ከሆነ ተዉት፣ በተለይ አሉሚኒየም ከሆነ። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊት ወደኋላ ነቅንቁ፣ "ቋ ቋ" ካለ የመሪው ኩሽኔታ ነው፣ መጥበቅ ይበቃው ይሆናል ወይ አልቋል። ጎማውን ከላይ ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙ፣ የፔዳሉን ክንድም እንዲሁ።

ጎማውን ከፍ አድርጋችሁ አሽከርክሩና ፍሬኑ አጠገብ ዐይናችሁን አድርጉ፣ ወደ ግራ ቀኝ የሚወላወል ከሆነ የቸርኬው ሽቦዎች ላልተዋል። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን በእጃችሁ ጨምቁ፣ አንዳንዱ እንደ ክራር የተወጠረ ሌላው የላላ ከሆነ መወጠር አለበት፣ እሱን በደንብ የሚያውቅ ሰው ጎንደር ውስጥ ቢያንስ አንድ ስሙን ይዛችሁ ግቡ። ሽቦውን ቁጠሩ፣ 36 ለጭነት ደስ ይላል፣ 32 ይበቃል፣ ከዛ በታች ለእቃ አይሆንም።

ሰንሰለቱን በሜትር ለኩ። ከአንዱ ፒን መሀል ተነስታችሁ 24 ፒን ቁጠሩ፣ አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሳንቲም ላይ ያርፋል፣ 30.65 አካባቢ ከሆነ አልቋል፣ 30.8 ከደረሰ የኋላውን ጥርስም አብሮ በልቶታል ማለት ነው፣ ሁለቱንም ስለምትቀይሩ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ጥርሱ እንደ መጋዝ ሹል ሆኖ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ያው ነው።

ከኋላ ቆማችሁ ማርሽ ቀያሪውን እዩት፣ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት፣ ወደ ሽቦዎቹ ካዘነበለ መስቀያው ታጥፏል። ብረት ላይ ቀጥ ይደረጋል፣ አሉሚኒየም ላይ የምትፈታ ትንሽ ቁራጭ ነች፣ የያንዳንዱ ሳይክል የራሱ ስለሆነች መተኪያዋን ካላገኛችሁ በዚች ቁራጭ ምክንያት ሳይክሉ ይቆማል። የመጨረሻው፣ መቀመጫውን ፍቱና ወደ ላይ ወደ ታች አድርጉት፣ ብዙ ጊዜ ሳይነካ የቆየ ከሆነ ይጣበቃል፣ ሻጩ "ልክህ ነው አትነካካው" ካለ ጠርጥሩ።

8. ሳይከፍሉ በፊት የሚደረግ ሙከራ

ባለቤቱን ለምናችሁም መያዣ አስይዛችሁም ሁለት ቦታ ሂዱበት። አንደኛ ኮብልስቶን ላይ፣ እጃችሁን ላላ አድርጋችሁ፣ የሚንቀጫቀጨውን እቃ ሁሉ ኮብልስቶኑ ይነግራችኋል። ሁለተኛ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወጣው ዳገት። በቀላሉ ማርሽ ተቀምጣችሁ ካልወጣችሁት፣ ያውም ያለ እቃ፣ ፓርኩ ውስጥ አትሞክሩት። ሲወጡ ማርሹን ቀይሩ፣ ጭነት እያለበት "ቀጭ" ብሎ የሚዘል ከሆነ ወይ ማስተካከል ነው ወይ ያ ያለቀ ሰንሰለት ነው። ሲወርዱ ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ታች ስትደርሱ ሽታውንም ሽቱት።

9. ከገዛችሁ በኋላ

ፖርቶመጋላ የብረት ይሁን፣ ብየዳ ቤት በልኩ አሠርቶ ማሰርም ይቻላል፣ ብዙ ሰው የሱቁን ቀጭን አሉሚኒየም ይገዛና ከደባርቅ ሳያልፍ ይሰበርበታል። ቦርሳውን ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ ላይ የተቆለለ እቃ ዳገት ላይ ያወዛውዛል። የሚንጠለጠል ገመድ አይኑር፣ መንገድ ላይ አብረዋችሁ የሚሮጡ ልጆች ገመዱን ካዩ መያዛቸው አይቀርም፣ ልጅ ነው።

መሣሪያ፦ ብሩጎላ (4፣ 5፣ 6 ቁጥር)፣ ካቻቪቴ፣ ትንሽ የእንግሊዝ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ ፓምፕ፣ የሰንሰለት መፍቻ፣ ትርፍ የፍሬንና የማርሽ ሽቦ፣ ቀጭን የማሰሪያ ሽቦ፣ ፕላስቲክ ማሰሪያ። ለሰንሰለት የሞተር ዘይት ጭቃ ይስባልና ጥቂት ብቻ ቀብታችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ የምግብ ዘይት ግን አትሞክሩ፣ ሙጫ ይሆናል።

እስከ ደባርቅ በመኪና ልትሄዱና ከዛ ልትጋልቡ ካሰባችሁ ሚኒባሱ ላይ ስታስጭኑ ፔዳሉን ፍቱ፣ የግራው ፔዳል በተቃራኒ ነው የሚፈታው፣ የቀኙ እንደተለመደው። ዲስክ ካለው ሳይክሉን በዲስኩ ጎን አታስተኙት፣ ላዩ ላይ አንድ ጆንያ ድንች ከተጫነ ዲስኩ ይጣመምና ቀኑን ሙሉ "ሽሽሽ" እያለ ነው የምትሄዱት። ከተጣመመም በንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ በእጅ ቀስ እያላችሁ ማቅናት ይቻላል፣ በባዶ እጅ ግን አትንኩት፣ የእጅ ቅባት ሸራውን ያበላሻል።

የመጀመሪያው ጉዞ ኮሶዬ ድረስ ይሁን፣ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሙሉ እቃችሁን ጭናችሁ። ሲመለሱ ባብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ቢበላሽም ቤት ትደርሳላችሁ። በማግስቱ ሁሉንም ብሎን እንደገና አጥብቁ፣ በተለይ የፖርቶመጋላውንና የፔዳል ክንዱን፣ አዲስ ሽቦ በመጀመሪያው ጉዞ ስለሚረዝም ፍሬኑንና ማርሹን እንደገና ወጥሩ፣ ቸርኬውን ለዛ ስሙን ለያዛችሁት ሰው ወስዳችሁ አስወጥሩ። ከዛ ደባርቅ።